ድሬን ማለፊያ አታድርጓት፦ ከዚራ፣ መጋላና 4 ቀን

ድሬዳዋን አይቻታለሁ ሚል ሰው አዲስ አበባ ውስጥ ሞልቷል ግን ምን አየህ ስትሉት ኤርፖርቱንና ወደ ሀረር ሚወስደውን መንገድ ነው ሚነግራችሁ። ሁለቱ የስራ ባልደረቦቼም እንደዛው ናቸው፣ አንደኛው ለቁልቢ ሲሄድ አንድ ሌሊት አድሮባታል፣ አንደኛዋ ደግሞ ከአውሮፕላን ወርዳ ቀጥታ ሀረር ገብታለች። እኔ መጋላ ሚባለው የድሬ ሰፈር ተወልጄ ያደኩ ሰው ነኝ፣ ይሄን ነገር በሰማሁ ቁጥር ውስጤን ይበላኛል። እና ዘንድሮ ህዳር መጀመሪያ ላይ እረፍት ስንወስድ በቃ ኑ እኔ ላሳያችሁ ብዬ ይዣቸው ሄድኩ። የነገርኳቸውን ሁሉ ማታ ማታ ስልኬ ላይ እየጻፍኩ ነበር፣ እዚህ ያስቀመጥኩት እሱን ነው።

ረቡዕ

አውቶቡሱ ሳይነጋ ነው ሚነሳው፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ መነሳት አለባችሁ ማለት ነው። በአውሮፕላን ከሄዳችሁ አንድ ሰዓት ምናምን ነው፣ በአዲሱ ባቡርም መሄድ ይቻላል (ጣቢያው ከከተማው ወጣ ያለ ስለሆነና ሚነሳበት ቀን ስለሚቀያየር ቀድማችሁ ጠይቁ)። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ ሰው መኪና ነው ምመርጠው፣ በአውሮፕላን ስትሄዱ ሙቀቱ በር ላይ ጠብቆ በጥፊ ይመታችኋል፣ በመኪና ስትሄዱ ግን አገሩ እየተቀያየረ ቀስ አድርጎ ነው ሚያስገባችሁ። የመንገዱን ሁኔታ ግን ከመነሳታችሁ በፊት ሰው መጠየቅ አትርሱ፣ ይሄ የግድ ነው።

አዳማ፣ አዋሽ፣ ከዛ አሰበ ተፈሪ ምሳ። የጾም ቀን ስለነበር ሽሮ በላን። ከዛ በኋላ የጨርጨር ተራራ ነው፣ ማሽላና ጫት እርከን በእርከን ተደርድሮ፣ ሂርና፣ ቀጥሎ ቁልቢ። ቁልቢ ገብርኤል ከመንገዱ ላይ ይታያል፣ ራስ መኮንን ከአድዋ ድል በኋላ ያሰሩት ነው። ታህሳስ 19 ድሬ ለመምጣት ያሰባችሁ ሰዎች አንድ ነገር እወቁ፣ በዛ ሰሞን አልጋ ሚባል ነገር አይገኝም፣ ከተማው በንግስ እንግዳ ይሞላል። በዓሉን ምትፈልጉ ከሆነ ደስ ይላል ግን ድሬን ለማየት ከሆነ ሌላ ጊዜ ምረጡ።

ደንገጎ ስትደርሱ መኪናው መውረድ ይጀምራል። ወደ 1,000 ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት ነው፣ ጥምዝምዝ እያለ፣ መጀመሪያ ጃኬት ይወልቃል፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ ቀጥሎ መስኮት ይከፈታል፣ መጨረሻ ላይ ከመስኮቱ ሚገባው አየር ራሱ ሙቅ ይሆናል። ሁሌም እዛ ጋ ስደርስ ቤቴ የገባሁ ነው ሚመስለኝ። ልጅቷ እስካርፗን ፈታ ቦርሳዋ ውስጥ ስታስገባ አይቼ እሱን እስክትመለሺ አትፈልጊውም አልኳት።

ያደርነው አክስቴ ጋ ነው፣ መጋላ። ገና በሩ ላይ ስንደርስ "እሰይ የኔ ልጆች! በሉ መጀመሪያ ሰውነታችሁን ታጠቡ፣ ሰላምታው ይደርሳል" አለች፣ ድሬ ውስጥ እንግዳ ሲመጣ መጀመሪያ ሚቀርበው ውሃ ነው፣ ሚጠጣም ሚታጠቡበትም። ስለ ውሃ ካነሳሁ፣ የድሬ ውሃ ከባድ ነው፣ ሳሙናው አረፋ አልወጣ ብሎ ሲያስቸግራችሁ ሳሙናው ተበላሽቶ አይደለም፣ ውሃው ኖራ ስላለው ነው፣ ጀበናችንንም ማንቆርቆሪያችንንም ውስጡን ነጭ አድርጎታል። ለመጠጥ የታሸገ ግዙ። ሌላው ትንኝ ነው። ወባ ብቻ ሳይሆን ደንጌም አለ፣ በ2013 እ.ኤ.አ ከተማውን ያስተኛው ትኩሳት እሱ ነው፣ የደንጌዋ ትንኝ ደግሞ ቀን ላይ ነው ምትነክሰው ስለዚህ አጎበር ብቻውን አይበቃም፣ ሚቀባ ነገር ያዙ።

ሐሙስ

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ቀሰቀስኳቸው። አኩርፈው ነበር ግን እኔ አልተረታሁም ምክንያቱም ድሬን ለማየት ሰዓቷን ማወቅ ያስፈልጋል። ከንጋቱ 12 እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት፣ ከዛ ከ10 ሰዓት በኋላ እስከ ማታ። በመሀል ያለው ሰዓት የናንተ አይደለም፣ የጸሀይዋ ነው። ብዙ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ቤቱ ገብቶ ይጋደማል፣ በበጋ ሙቀት መስሪያ ቤቱም የራሱ ሰዓት አለው። ቀትር ላይ ከሆቴል ወጥቶ ተዘዋውሮ ድሬ ጭር ያለች ከተማ ናት ብሎ ሚያወራ ሰው ስሰማ እናደዳለሁ፣ ተኝታ መጥተህ ነው ያየሃት ማለት ነው።

ከከዚራ ጀመርን። ከዚራ በባቡር የተሰራች ሰፈር ናት፣ ስለዚህ መጀመር ያለባችሁም ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፣ አጼ ምኒልክ በ1894 እ.ኤ.አ የባቡሩን ፈቃድ ሲሰጡ የታሰበው ሀዲዱ በሀረር በኩል እንዲያልፍ ነበር። ስራው በ1897 ከጅቡቲ ተነሳ፣ ተራራው ስር ሲደርስ ግን ወደ ሀረር ሽቅብ መውጣቱ በጣም ውድ ሆነ። ስለዚህ ሜዳው ላይ ቆመ፣ በ1902 መጨረሻ ባቡሩ እዚህ ገባ፣ በዙሪያው አዲስ ከተማ ተተከለ፣ ስሙም አዲስ ሀረር ተብሎ ነበር። ስሙ አልጸናም፣ ሰው ድሬዳዋ እያለ ቀጠለ። አዲስ አበባ ሀዲዱ ሚደርሰው በ1917 ነው፣ እስከዛ ድረስ እንግዲህ የባቡሩ ዋና ከተማ ድሬ ነበረች በሉት። አባቴ ምድር ባቡር ይሰራ ስለነበር ይሄን ታሪክ እኔ ከትምህርት ቤት በፊት ነው የሰማሁት፣ ልክ የቤተሰብ ታሪክ እንደሚወራ።

አሁን ጣቢያው ጸጥ ብሏል። በግቢው ውስጥ ያለው የጥገና ወርክሾፕ ግን በኔ እምነት ከተማው ውስጥ ካለው ነገር ሁሉ አንደኛ ነው። የቆሙ ሎኮሞቲቮች፣ በጣሊያን ጊዜ የመጡት ሊቶሪናዎች (የራሳቸው ሞተር ያላቸው የሰው ፉርጎዎች)፣ ሰው ሚያካክሉ መፍቻዎችና ማሽኖች። ዝም ብሎ አይገባም፣ ጽህፈት ቤቱ ሄዳችሁ ፈቃድ ትጠይቃላችሁ፣ መታወቂያ ያዙ፣ ፎቶ ማንሳት ይቻል እንደሆነ እዛው ጠይቁ። ከተቻለ ደግሞ እዛ የሰራ አዛውንት አብሯችሁ እንዲዞር አድርጉ፣ እኛን ያዞሩን አባት አንዱን ማሽን በእጃቸው መታ መታ አድርገው እንደ ፈረስ ነበር ሚናገሩለት፣ የመለዋወጫዎቹን ስም ሁሉ በፈረንሳይኛ ነው ሚጠሩት፣ ባልደረባዬ "ጋሼ ፈረንሳይኛ የት ተማሩ?" ሲላቸው "እዚችው ልጄ፣ ከዚህ ብረት ጋር" አሉት። ስንወጣ ዝም ብሎ ነበር ሚሄደው።

ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለውን መንገድ ይዛችሁ ብቻ ሂዱ። የከዚራ መንገዶች ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ፈረንሳዮቹ በፕላን ያወጧቸው፣ ግራና ቀኙ ዛፍ ነው፣ ዛፉ ከላይ ተገናኝቶ ጥላ ሰርቷል። ኒም አለ፣ የድሬዳዋ ዛፍ ሚባለውም አለ። የድሬዳዋ ዛፍ ከሚያዝያ ግንቦት ጀምሮ ሲያብብ ቅጠሉ እስከማይታይ ቀይ ይሆናል፣ መንገዱ በሙሉ ከላይም ከታችም ቀይ ነው። ህዳር ላይ ግን አረንጓዴ ብቻ ነው፣ ስነግራቸው ልጅቷ ቀና ብላ እያየች "በቀይ ማሰብ አቃተኝ" አለች። ቤቶቹን ደግሞ ልብ ብላችሁ እዩ፣ በረንዳቸው ሰፊ፣ መስኮታቸው የእንጨት መዝጊያ ያለው፣ ጣራቸው ከፍ ያለ፣ ይሄ ሁሉ ለሙቀት ታስቦ የተሰራ ነው፣ ኤሲ ያልነበረ ጊዜ።

ማታውን ተመልሰን ወጣን። ከ12 ሰዓት በኋላ ከዚራ ሌላ ናት፣ ሰው ታጥቦ ሽቶ ተቀብቶ ይወጣል፣ ሴቱ ሺቲ ለብሶ፣ ሽማግሌው በሽርጥ፣ ባጃጁ እንደ ጉንዳን ነው። ወንበር ውጪ ይደረደራል፣ ጁስ፣ የቅመም ሻይ፣ ወሬ። ከማታው 3 ሰዓት ላይ ልጆች አሁንም መንገድ ላይ ኳስ ይጫወታሉ። ለእንግዳ ምመክረው ምንም ፕላን ሳትይዙ ለሁለት ሰዓት አንድ ቦታ ቁጭ በሉ ነው፣ ሰው ራሱ መጥቶ ያወራችኋል። ድሬ ውስጥ አቦ ከተባላችሁ ተወዳችኋል ማለት ነው።

አርብ

የመጋላ ቀን። ከከዚራ ደቻቱ ሚባለውን ወንዝ ተሻግራችሁ ነው ምትገቡት፣ በእግር፣ በባጃጅ አይደለም። ድልድዩ ላይ ቆም ብላችሁ ሁለቱንም ወገን እዩ፣ ወደ ኋላ ዛፍና ቀጥ ያለ መንገድ፣ ወደ ፊት ሚናሬት፣ የተጠጋጉ ቤቶች፣ ጠባብ ጠባብ መንገድ። ከዚራ የባቡሩ ናት፣ መጋላ የነጋዴው። ማፕ ላይ አትተማመኑ፣ በስልክ ስትሄዱ ሰው አታዩም፣ መጋላ ደግሞ ሰው ነው ሚታየው። ቢጠፋባችሁ "ቀፊራ በየት ነው?" በሉ፣ እየመራ ሚያደርሳችሁ አይጠፋም።

ቀፊራ ማለት ገበያው ነው። በቅስት የተሰራ በር አለው፣ ከሩቅ መስጊድ ይመስላል፣ በሱ ገብታችሁ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሂዱ፣ ከገጠር የሚመጡት የኦሮሞ እናቶች ፍራፍሬውንና አትክልቱን አራግፈው ሳይሸጡት፣ ሶማሌዎቹ ጨርቃቸውን ዘርግተው፣ አንዳንዴ አፋሮችም ታያላችሁ። አንዲት ሎሚ ሻጭ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ለአንዱ በኦሮምኛ፣ ለአንዱ በሶማሊኛ፣ ለኛ ባማርኛ ዋጋ ስትነግር ባልደረቦቼ አፋቸውን ከፍተው ነበር ሚያዩት። እዚህ ይሄ እውቀት አይባልም፣ ሰፈር ውስጥ ስታድግ ከጎረቤት ልጅ ጋር ስትጣላና ስትታረቅ ሚመጣ ነው። እኔም ሀደሬ (ሀረሪ) ጎረቤቶቻችን ቤት እየበላሁ ስላደኩ ስድብና ሰላምታ አውቃለሁ፣ ሌላው ጠፍቶብኛል፣ ይቆጨኛል።

ስለ ፎቶ አንድ ነገር በጣም አደራ። ጠይቁ። በተለይ ሴቶችን። ካሜራ ስታነሱ ፊቷን በሻሽዋ ከሸፈነች በቃ መልሱ እሱ ነው፣ ድጋሚ አትሞክሩ። መጀመሪያ ሎሚ ግዙ፣ አውሩ፣ ከዛ ጠይቁ፣ ብዙ ጊዜ ራሳቸው አንሺኝ ይላሉ። ባልደረባዬ አንድ አሮጊት ሳታስፈቅድ ልታነሳ ስትል እጇን ያዝኩት፣ መጀመሪያ ደንግጣ ነበር፣ በኋላ ሴትዮዋ ጋ ቁጭ ብላ ግማሽ ሰዓት አወሩ፣ ፎቶውን ያነሳችው በመጨረሻ ነው፣ ሴትዮዋ እየሳቀች። ከጉዞው ሁሉ እሱን ፎቶ ነው ምትወደው።

ምግብ ላይ ልቆይ። ቁርስ ፉልና ፈጢራ። ፉሉ ላይ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይት፣ አርብና ረቡዕ ምትጾሙ ከሆነ ያለ እንቁላልና ያለ እርጎ በሉ ብቻ፣ ማንም አይገርመውም። ፈጢራውንም ያለ እንቁላልና ያለ ቅቤ ማስደረግ ይቻላል። ከዛ ጣፋጭ፣ ሙሸበክ ትኩሱን፣ ከመጥበሻው ወጥቶ ስኳሩ ሲንጠባጠብ፣ ሀልዋም አለ፣ ወደ ቤት ምትወስዱት እሱን ነው፣ ቀናት ይቆያል። ምሳ ላይ ሩዝ በስጋ ትጠይቃላችሁ፣ እዚህ ጋ ለክርስቲያን እንግዶች ምነግረው ነገር አለ፣ መጋላ ውስጥ ያለው ስጋ የእስላም ስጋ ነው፣ የግመልም ሊሆን ይችላል፣ ሚከብዳችሁ ከሆነ ሳታፍሩ ቀድማችሁ ጠይቁ። ሰዉ አይቀየምም፣ ኧረ እንደውም ራሱ ነው ሚነግራችሁ። ልጅ ሆኜ ጎረቤቶቻችን በኢድ ሲያርዱ ለኛ ዶሮውን ወይ በጉን ሳይባርኩ በኛ ሰው እጅ እንዲታረድ ብለው ይልኩልን ነበር፣ እኛም በፋሲካ እንደዛው። ማንም ሲያስተምረን አላስታውስም፣ እንደዛ ነበር ሚኖረው።

የጁምዓ ሰዓት ሲደርስ መጋላ ይዘጋል፣ መንገዱ በሰጋጅ ይሞላል። እዛ ሰዓት ላይ ገበያ አትሂዱ፣ በሰጋጅ መሀልም አትሽሎክለኩ፣ ጥላ ፈልጋችሁ ጠብቁ። እኛ አክስቴ ግቢ ገብተን ተጋደምን።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤት ለባልደረባዬ በርጫ ና አለው። ይሄ እንግዳ ላይ ሚመጣ ነገር ስለሆነ ልናገር። ጫት የማትቅሙ ከሆነ አትቃሙ፣ ግን ግብዣውን አትሽሹ፣ ሻያችሁን ይዛችሁ ጎናቸው ቁጭ በሉ። ፍራሽ መሬት ላይ፣ ትራስ፣ እጣን፣ ወሬው ከፖለቲካ ይነሳና አሊ ቢራ ጋ ይደርሳል፣ አሊ ቢራ እዚሁ ድሬ ነው የተወለደው፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ የኔ ጎረቤት ነበር ይላል። ባልደረባዬ አንድ ቅጠል ሳይነካ እስከ መግሪብ ተቀምጦ መጣ። "ሰው እንዲህ ሲደማመጥ አይቼ አላውቅም" ነው ያለኝ።

ማታ አክስቴ ቡና አፈላች። ግቢው ውስጥ ምንጣፍ ዘርግተን፣ ነፋሱ መጥቶ፣ ከአንዱ ቤት ሶማሊኛ ዘፈን ከአንዱ ቤት መንዙማ እየተሰማ።

ቅዳሜ

ጠዋት ደቻቱ ወረድን። ደቻቱ ወንዝ ነው ይባላል እንጂ በበጋ አሸዋ ነው፣ ሰው ይሻገርበታል፣ ግመል ይነዳበታል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። እንግዳ ሲያየው ይሄ ምን ያስፈራል ይላል። በ1998 ዓ.ም ክረምት፣ ሐምሌ ወር ሊያልቅ ሲል፣ ሌሊት ሰው ተኝቶ ሳለ ከላይ ከተራራው የመጣው ጎርፍ በዚህ በኩል ነው የገባው። ድሬ ላይ ያን ያህል ዝናብ አልነበረም፣ የዘነበው ደንገጎ በኩል ደጋው ላይ ነው፣ ለዛ ነው ማንም ያልጠበቀው። ከ250 በላይ ሰው ሞተ። እኔ ልጅ ነበርኩ፣ ማስታውሰው ድምጹን ነው፣ ብዙ ከባድ መኪና አንድ ላይ ሚመጣ ነበር ሚመስለው። የክፍሌ ልጅ ነበረች ከነቤተሰቧ። መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ወንበሯ ላይ ማንም አልተቀመጠም፣ አስተማሪያችንም ተቀመጡ አላለንም።

ከዛ ወዲህ የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሰርቷል። ግን ክረምት ላይ ከመጣችሁ፣ ሰማዩ ድሬ ላይ ጥርት ቢልም ተራራው ላይ ደመና ካያችሁ፣ አሸዋው ውስጥ አትግቡ። የሰፈሩ ሰው ውጡ ካላችሁ ምክንያት ሳትጠይቁ ውጡ።

ባልደረቦቼ እዛ ጋ ረጅም ሰዓት ቆሙ። ፎቶ አላነሱም።

መራመድ ምትወዱ ከሆነ ከከተማው ደቡብ ወጣ ብሎ ተራራው ላይ ፖርክ ኤፒክ ሚባል ዋሻ አለ፣ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው፣ በ1929 እ.ኤ.አ ነው ለአጥኚዎች የታወቀው። ውስጡ ከተገኘው ነገር ሁሉ እኔን ሚደንቀኝ ቀይ አፈሩ ነው፣ ከ40,000 ዓመት ገደማ በፊት የነበሩ ሰዎች ለቀለም የፈጩትና የፈቀፈቁት 40 ኪሎ ሚሆን። መንገድ ሚያውቅ ሰው ይዛችሁ፣ ገና ሳይሞቅ፣ ውሃ ይዛችሁ። እኛ አርፍደን ስለነበር ግማሽ ላይ ተመለስን፣ ዳገቱ በዛ ጸሀይ አይሞከርም።

ከሰዓት ታይዋን ሚባለው ገበያ ገባን፣ ልብስ፣ ሽቶ፣ ኤሌክትሮኒክስ፣ የጅቡቲ መንገድ ያመጣው ሁሉ። ብዙ ምለው የለኝም፣ ተከራከሩ፣ የተባላችሁትን የመጀመሪያ ዋጋ አትክፈሉ። ወንዱ ሽርጥ ገዛ። ማታ ለብሶት ከዚራ ወጣ፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር አይቶት ፍሬን ይዞ "አቦ አሰሩህ እንዴ፣ እንደሱ አይታሰርም!" ብሎ ወርዶ በትክክል አሰረለት፣ ሂሳብም አልተቀበለንም።

እሁድ

ሳይነጋ አክስቴ ተነስታ ነበር። ሀልዋ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ለእያንዳንዳቸው ለየብቻ፣ "ለእናቶቻችሁ ነው፣ እናንተ እንዳትበሉት" ብላ ሰጠቻቸው። ሳመቻቸው፣ ልጅቷን ደግማ ሳመቻት።

መኪናው ደንገጎን ሲወጣ መስኮቱ ተዘጋ፣ ሹራቡ ወጣ፣ ጃኬቱ ወጣ። ልጅቷ እስካርፗን ስትጠመጥም ከታች ከተማዋን እያየች ነበር፣ ከዛ ከፍታ ላይ ከዚራ አረንጓዴ ነው ምትመስለው፣ ዛፍ ብቻ።

"ያ ዛፍ መቼ ነበር ያልከኝ ሚያብበው?"

"ግንቦት። ግን ግንቦት ሙቀቱ አይቻልም።"

"ይሁን" አለች፣ እና ስልኳን አውጥታ የቀረ ፈቃዷን መቁጠር ጀመረች።